ሒሳብ ሹሙ ለማን ይታዘዝ?

በቅርቡ አንዲት ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ «ጋሼ፣ ሥራ አስኪያጁ ያላመንኩበትን ወጪ ፈርሚ ቢለኝ ምን ላድርግ?» አለችኝ። አትፈርሚ ማለት ቀላል ነው። ጥያቄዋ ግን የቆየ ቁጭቴን ቀሰቀሰው።

በወጣትነቴ በሠራሁበት የክፍለ ሀገር መሥሪያ ቤት አንድ ሒሳብ ሹም ነበሩ። ደረሰኝ ሳያዩ ብዕር አያነሡም። አንድ ቀን የመንገድ ጥገና ክፍያ ቀረበላቸው። መንገዱን ሁላችንም በየቀኑ እንሄድበታለን፤ አንድ አካፋ አፈር አልተደፋበትም። «አልፈርምም» አሉ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወሩ። የዝውውሩን ደብዳቤ የፈረመው ያው ክፍያውን ያዘዘው አለቃ ነው። ባለቤታቸው ነፍሰ ጡር ነበሩ። ዕቃቸው ጭነት መኪና ላይ ሲወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር። አቤት የሚሉበት በር አልነበራቸውም። ደሞዛቸውም፣ ዕድገታቸውም፣ ዝውውራቸውም በአንድ ሰው እጅ ነበር። ሒሳብ ሹሙ እንደዚያ መሆናቸው ዛሬም ያንገበግበኛል።

ኋላ ስለ ሕንድ የሙጋል መንግሥት ሳነብ እሳቸው ትዝ አሉኝ። ንጉሠ ነገሥት አክባር እ.ኤ.አ. በ1580 ግዛቱን ሱባ በሚባሉ 12 አውራጃዎች ከፈለ። ጦሩና ጸጥታው የገዥው፣ የሱባዳሩ ነበር። ግብሩና ወጪው ግን በአውራጃው የገንዘብ ሹም፣ በዲዋኑ እጅ ነው። ዲዋኑም ተጠሪነቱ ከጊዜ በኋላ በቀጥታ ለማዕከላዊው ዲዋን ሆነ። ጦር ያለው ካዝና የለውም፤ ካዝና ያለው ጦር የለውም።

የአክባር የገንዘብ ሹም ቶዳር ማል ደግሞ የ10 ዓመት ምርትና ዋጋ አማካይ ይዞ ግብር ተመነ። ከምርቱ ሲሦው የመንግሥት ነው። መሬት የሚለካበት ገመድ ሲርስ ስለሚያጥር፣ በብረት ቀለበት በተያያዘ ቀርከሃ ተተካ። ይህችን ነገር በጣም እወዳታለሁ። እናንተ የዛሬ ልጆች ቁጥሩ ከኮምፒውተር ከወጣ ታምናላችሁ፤ ገመዱ ረጥቦ እንደሆነ አትጠይቁም።

አክባር ሹማምንቱን ሥር እንዳይሰዱ በየጥቂት ዓመቱ ያዛውር ነበር። ጥሩ ዘዴ ነው እላለሁ። ግን የሒሳብ ሹማችንን የጎዳቸውም ዝውውር ነው። በሕንድም የተሰጠውን መሬት ቶሎ እንደሚለቅ የሚያውቅ ሹም ገበሬውን እንደሚያልብ ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒየር ጽፏል። ስለዚህ ዝውውርን ላመስግን ወይስ ልንቀፍ፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ለልጅቷ ግን ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥቻታለሁ። የቅጥር ደብዳቤሽን አውጪና ተጠሪነትሽ ለማን እንደሆነ እዪ። ተቃውሞሽን በጽሑፍ አድርጊ፤ ግልባጩን ለኦዲት ክፍሉ ላኪ፤ አንዱን ቅጂ ቤትሽ አስቀምጪ።