ሸራው አዲስ፣ ፍሬኑ አሮጌ

አንዲት የጅማ አንባቢ እንዲህ ብላ ጽፋልኛለች፦

«ጋሼ፣ የምነዳው ቪትዝ ነው። ከሁለት ወር በፊት የኋላ ፍሬኑ ሲፋጭ ጋራዥ ወሰድኩት። ‹የፍሬን ሸራው አልቋል› ብለው የሁለቱንም ጎማ ቀየሩልኝ። ለጥቂት ቀን ጥሩ ነበር። አሁን ግን ፔዳሉ ወደ ታች ይገባል፤ ሁለቴ ስረግጠው ነው የሚይዘው። የግራው የኋላ ጎማ ከውስጥ በኩል ረጥቧል። የእጅ ፍሬኑም ጅሬን ዳገት ላይ አይዝም። ተመልሼ ብጠይቃቸው ‹መኪናው አርጅቷል፣ ዋናው ፖምፓ ይቀየር› አሉኝ። እነሱ ሳይነኩት እኮ አንድ ጠብታ አልነበረውም! ዕቃ ቀይረውብኝ ይሆን? በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ወደ አዲስ አበባ መንዳት አለብኝ።»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። በዚህ ፍሬን አዲስ አበባ አይኬድም። የግቤን ቁልቁለት ታውቂዋለሽ። ጎማው ላይ ያየሽው እርጥበት የፍሬን ዘይት ከሆነ ደግሞ ከተማ ውስጥም አትንጂው። እንደ ቪትዝ ባሉ፣ ሞተሩ የፊት ጎማ በሚነዳባቸው መኪኖች አብዛኛውን ጊዜ ፍሬኑ የተከፈለው በሰያፍ ነው። የግራ ኋላና የቀኝ ፊት አንድ መስመር ናቸው። የግራ ኋላው ዘይቱን አፍስሶ ከጨረሰ አንድ ደካማ የኋላ ፍሬን ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ጠንካራው የቀኝ ፊቱም አብሮት ይሄዳል።

አሁን ወደ ጥርጣሬሽ። «ዕቃ ቀየሩብኝ» የሚለውን ወሬ ጅማ ውስጥ ያልሰማሁበት ቀን የለም። አንዳንዴም እውነት ነው። አንቺ ጋ ግን አይመስለኝም። የጎማ ፖምፓ፣ ማለትም በየጎማው ያለችውን የፍሬን ፖምፓ፣ ፈትቶ በአሮጌ ለመተካት ቧንቧ መፍታት፣ ከዚያ ከፍሬን መስመሩ አየር ማስወጣት አለ። ለሌባ እንኳ ድካሙ አያዋጣም።

ታዲያ ሳይነካ ያልፈሰሰ፣ ሲነካ ለምን ፈሰሰ? ታምቡሩ፣ ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞረው ክብ ብረት፣ ውስጥ ከላይ በኩል የጣት ርዝመት የምታህል ትንሽ ፖምፓ አለች። በሁለት ጫፏ ፒስተን አላት፤ ፒስተኖቹ ላይ ጎሚኒ አለ። ፔዳሉን ስትረግጪ ዘይቱ ፒስተኖቹን ወደ ውጭ ይገፋል፣ እነሱም ሸራውን፣ መኪናውን በፍጭት የሚያቆመውን ንጣፍ፣ ታምቡሩ ላይ ያጣብቁታል። ሸራው እየሳሳ በሄደ ቁጥር ፒስተኖቹ ወደ ውጭ ወጣ ብለው ይቀመጣሉ። እንዲህ ሆነው ዓመታት ያልፋሉ። የፍሬን ዘይት ደግሞ እርጥበት ይስባል። ካልተቀየረ ያ እርጥበት የፖምፓዋን መሃል ማዛግ ይጀምራል። አዲሱ ሸራ ወፍራም ነው። ሲገጠም ፒስተኖቹን መልሶ ወደ ውስጥ፣ ወደዚያው ዝገት ይገፋቸዋል። ከዚያ ጎሚኒው ዝገት ላይ ሲመላለስ ይበላል። አንቺም ልክ ነሽ፣ ሳይነካ አይፈስም ነበር። እነሱም ዕቃ አልቀየሩም።

ጥፋት የለባቸውም ማለቴ ግን አይደለም። ታምቡር ተፈትቶ ሳለ የፖምፓዋን የአቧራ ጎሚኒ በካቻቢቴ ጫፍ ገለጥ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ደረቅ ከሆነ እሰየው። ውስጡ ርሶ ካብለጨለጨ ፖምፓዋ ያኔውኑ መቀየር አለባት። ይህን ሳያዩ ሸራ ብቻ መግጠም ግማሽ ሥራ ነው።

ፔዳሉ ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለቴ ሲረገጥ ከፍ ብሎ የሚይዝ ፍሬን አብዛኛውን ጊዜ ሸራውና ታምቡሩ ተራርቀዋል ማለት ነው። እንደ ስፖንጅ ልስልስ የሚል ከሆነ የፍሬን መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷል። በሁለቱ ሸራዎች መካከል ጥርስ ያላት ማስተካከያ ብሎን አለች። ሸራው ባለቀ መጠን ትንሽ ትንሽ እየዞረች ክፍተቱን ትሞላለች። የግራዋና የቀኟ ጥምዝ ተቃራኒ ነው። ከተቀያየሩ ክፍተቱን በመሙላት ፈንታ ያሰፉታል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም ያወቅሁት። ረዳት ሳለሁ የአንድ ኮሮላ ሁለቱንም ታምቡር ባንዴ ፈትቼ ዕቃውን አንድ ጣሳ ውስጥ ከተትኩት። ገጠምኩ፣ መኪናው ሄደ። በሳምንቱ ተመለሰ፣ ፔዳሉ ወለል ሊነካ ምንም አልቀረው። አለቃዬ አልጮኸብኝም። ሁለቱን ብሎኖች ፈትቶ መዳፌ ላይ አስቀመጠና «ወደ አንድ አቅጣጫ አዙራቸው» አለኝ። አዞርኩ። አንዱ ረዘመ፣ አንዱ አጠረ። ከዚያ ቀን ወዲህ የግራውን ገጥሜ ሳልጨርስ የቀኙን አልፈታም።

የእጅ ፍሬኑም የዚሁ ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዘይት የነካው ሸራ እየተንሸራተተ ነው። አንድ ነገር አትፍቀጂላቸው፦ ታምቡሩን ሳይከፍቱ የእጅ ፍሬኑን ገመድ ብቻ እንዳያጠብቁት። ለጊዜው የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን ገመዱ ሸራውን ጎትቶ ስለሚይዘው ማስተካከያዋ ሥራዋን ታቆማለች፣ ሸራውም እየተፋጨ ይግላል። መጀመሪያ ሸራው፣ ገመዱ መጨረሻ።

ዋናውን ፖምፓ፣ ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ አራቱም ጎማ የሚገፋውን፣ ለመቀየር አትቸኩዪ። ያ ፖምፓ የሚጠረጠረው ከውጭ ምንም ፍሳሽ ሳይኖር፣ ፔዳሉን ረግጠሽ ስትይዢው ቀስ እያለ ወደ ታች ሲሰምጥ ነው። አንቺ ጋ የሚፈስ ነገር ፊት ለፊት እየታየ ስለ ዋናው ፖምፓ ማውራት ለእኔ ሽሽት ነው።

እንግዲህ እዚያው ጋራዥ ይሠራ። በጎታች ይሂድ እንጂ አይነዳ። «ሰረቃችሁኝ» ብለሽ አትግቢ፤ «ሁለቱም ታምቡር እኔ ፊት ይፈታ» በይ። የግራዋ ፖምፓ ካፈሰሰች የቀኟም እኩያዋ ናት፣ ሁለቱም ይቀየሩ። ዘይት የጠጣ ሸራ አይድንም። በቤንዚን አጥበው ወይም በእሳት አቃጥለው ሊመልሱልሽ የሚሞክሩ አሉ፤ እምቢ በይ። ሸራም በአንድ ጎን ብቻ አይቀየርም፣ ፍሬኑ እኩል አይዝም። አዲስ ሸራ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት አለው። 1 ሚሊ ሜትር የመጨረሻው ወሰን ነው፤ እኔ 2 ላይ ስደርስ እቀይራለሁ። ታምቡሩን በጣትሽ ከውስጥ ዳብሺው። ጠርዙ ላይ ደረጃ ከሠራ ወይም ከተቦረቦረ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ታምቡሩ ላይ የመጨረሻው ስፋት ተቀርጾበታል፤ ከዚያ ካለፈ ቶርኖም አያድነውም፣ ይጣላል። የፍሬን ዘይቱ ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት ይሁን፣ የታሸገ ጠርሙስ አንቺ ፊት ይከፈት። የፍሬን መስመሩ ውስጥ ያለው አየር በአራቱም ጎማ በኩል ይውጣ።

ሂሳቡ? የፖምፓዎቹ ዋጋ ያንቺ ነው፣ እርጅና ነውና። የተበላሸው ሸራና የእጅ ዋጋው ግን የእነሱ መሆን አለበት። ሥራውን የሚያከብር ጋራዥ በዚህ አይከራከርም። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ደግሞ በፌስታል አድርገው ይስጡሽ። ቆሻሻ ነው ብለሽ አትተዪው፤ ነገ ጥያቄ ቢነሳ የምታሳዪው እሱን ነው።

ሲያልቅ መኪናው ከመውረዱ በፊት ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በእጅሽ አዙሪያቸው። ትንሽ እየተፋጩ በነፃ መዞር አለባቸው፤ ሁለቱም እኩል። ለጥቂት ቀን እዚሁ ከተማ ንጂ፣ በየማለዳው የዘይቱን መጠን እዪ። ዝናብ ባደረ ጠዋት መጀመሪያ ስትረግጪ ቢያንቋርር አትደንግጪ፤ ታምቡሩ ላይ ያደረ ቀጭን ዝገት ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲረገጥ ይለቃል።

ግቤ ስትደርሺ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሺ። ሞተሩ ይያዘው። ፍሬኑን እያሰለሰሽ ርገጪ እንጂ እግርሽን ጭነሽ አትውረጂ።

ከዚያ በፊት ግን ጅሬን ውጪ። ከኋላሽ ባጃጅ አለመኖሩን እይና ዳገቱ መሃል ቁሚ። የእጅ ፍሬኑን ሳቢ፣ እግርሽን ከፔዳሉ ቀስ አድርገሽ አንሺ። ከያዘ ሻንጣሽን አዘጋጂ። ከተንሸራተተ ጋራዡ ገና አልጨረሰም።