በ47 ዓመታቸው የቤተ መጻሕፍት ሙያ ለመማር ላሰቡት እህት፦ ከሁሉ በፊት ትራንስክሪፕቱን ያስወጡ

የተከበሩ እህቴ፣ ከአገር ቤት በታሪክ ትምህርት ዲግሪ ይዘው፣ በሜሪላንድ በካሸርነት እየሠሩ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ለመሆን በ47 ዓመት ትምህርት መጀመር ይዘገይ እንደሆነና ከየት መነሣት እንደሚገባ ጠይቀዋል። አይዘገይም። እኔ በጂኦግራፊ ተመርቄ፣ ለጥቂት ዓመታት አስተምሬ፣ በዲቪ መጥቼ፣ ረጅም ጊዜ በመኪና ማቆሚያ ጋራዥ ከሠራሁ በኋላ ነው ማስተርሱን የጀመርሁት፤ ስመረቅ ከ50 አልፌ ነበር፤ ዛሬ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በመረጃ ጠረጴዛ ላይ እሠራለሁ። ስለዚህ የዕድሜውን ነገር እንተወውና ስለ ወረቀቱ እንነጋገር፤ ብዙ ሰው መንገድ ላይ የሚቀረው በወረቀት ምክንያት ነውና።

አንደኛ፣ የሚያመለክቱበት የማስተርስ ፕሮግራም በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር፣ ማለትም በኤኤልኤ፣ እውቅና ያለው መሆኑን ከማኅበሩ ዝርዝር ላይ ራስዎ ያረጋግጡ። ዩኒቨርሲቲው ስመ ጥር መሆኑ ብቻውን አይበቃም፤ እውቅናው የሚሰጠው ለፕሮግራሙ ነው፤ አብዛኞቹ የሕዝብና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትም ለባለሙያ የሥራ መደብ ይህንኑ ይጠይቃሉ። ለእርስዎ ቅርብ የሆነው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ፕሮግራሙ 36 ክሬዲት ሲሆን በኦንላይንም ይሰጣል። ከዚያ ራቅ ቢሉ የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሙሉ በሙሉ በኦንላይን ያስተምራል። በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ለመሥራት ካሰቡ ግን የክፍለ ግዛቱ የመምህርነት ፈቃድ ስለሚጨመርበት ነገሩ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ትራንስክሪፕትዎን ዛሬውኑ ማስወጣት ይጀምሩ። ነገ አላልሁም። እዚህ ያለው፣ የውጭ አገር ዲግሪን ከአሜሪካው ጋር የሚያመዛዝነው የሰነድ ገምጋሚ ድርጅት በእጅዎ ያለውን ስቱደንት ኮፒም ሆነ ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊ የምረቃ ማስረጃ፣ አይቀበልም፤ የሚፈልገው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር በታሸገና ማኅተም በተረገጠበት ፖስታ በቀጥታ እንዲላክለት ነው። እኔ የተማርሁበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ ያ ቢሮ ግን ከማስተርሱ ትምህርት ሁሉ በላይ አድክሞኛል።

በመጀመሪያ አገር ቤት ያለችውን የሥጋ እህቴን ላክኋት። «ባለቤቱ ራሱ ይምጣ» አሏት። ባለቤቱ ያለው ሜሪላንድ ነው ብትላቸው ውክልና አምጪ ተባለች። ውክልናውን እዚህ በኤምባሲያችን አስደርጌ ላክሁ፤ አዲስ አበባ ሲደርስም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ እንደገና ወደዚያው መስኮት ሄደ። የመስኮቱ ሠራተኛ ውክልናውን ገልብጣ አይታ፣ ጽሑፉ ስለ ቤትና ስለ ንብረት እንጂ የትምህርት ማስረጃ ስለ ማውጣት አይናገርም ብላ መለሰችው። እውነቷን ነው፤ ከኤምባሲው የተሰጠኝ የተለመደው ቅጽ ነበር። የማይገባኝ ግን ይህን በመጀመሪያው ቀን ለመናገር ምን እንደከለከላት ነው። አዲስ ውክልና ተጽፎ ከሄደ በኋላ ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳ አለመኖሩን የሚያሳይ ክሊራንስ ተጠየቀ። እህቴ ሆይ፣ እኔ የተመረቅሁት በ1989 ዓ.ም. ነው፤ የወጪ መጋራት የሚባለው አሠራር በአገራችን የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ነው! በሌለ ዕዳ ላይ ከዕዳ ነፃ መሆኔን የሚመሰክር ማን ነው? ይህንኑ በደብዳቤ ጽፈን ብናስገባ ደብዳቤው ጠፋ፤ ሁለተኛው ተገኘ፤ የሚፈርመው ኃላፊ ግን ስብሰባ ላይ ነበር። እህቴ ትዕግሥቷ አልቆ እያለቀሰች የደወለችበት ጊዜ አለ፤ እኔም ነገሩን ልተወው ወስኜ ነበር፤ «ከጀመርህ ጨርስ» ብላ ያስቀጠለችኝ እርሷው ናት።

በመጨረሻ ፖስታው ሲደርስ ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። የምረቃ ዘመኔ 1989 ተብሎ ተጽፏል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ስለ መሆኑ የሚገልጽ አንዲት ቃል የለችበትም። ፓስፖርቴ ደግሞ የተወለድሁት በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ ይናገራል። ገምጋሚዎቹ ይህን ሲያዩ በ16 ዓመቴ ዲግሪ የጫንሁ ሊቅ መስዬ ታየኋቸውና ፋይሉን አቆሙት። በዚህ ላይ የአባቴ ስም በትራንስክሪፕቱና በግሪን ካርዴ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው በተለያየ መንገድ ነው። የእርስዎም ሰነድ ተመሳሳይ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ ስለዚህ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ዘመኑ በሁለቱም አቆጣጠር እንዲጻፍና ስምዎ በፓስፖርትዎ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል እንዲሆን ወኪልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከታሸገ በኋላ ማንም አይነካውም።

ሦስተኛ፣ ስለ ገንዘቡ። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካለዎት ፋፍሳ የተባለውን የፌዴራል የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ይሙሉ፤ የክፍለ ግዛቱ ነዋሪ መሆንዎን ማስመስከርዎን አይርሱ፤ የክፍያው ልዩነት ቀላል አይደለም። ኤኤልኤ ከ1997 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚሰጠው ስፔክትረም የተባለው የትምህርት ዕርዳታ ጥቁሮችንም ይመለከታልና ያመልክቱ። የፌዴራል ብድር ቢወስዱም፣ ለመንግሥት ወይም ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ሙሉ ጊዜ እየሠሩ 120 ወርሃዊ ክፍያ ለፈጸመ ሰው ቀሪው የሚሰረዝበት ሕግ አለ፤ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ከነዚህ አሠሪዎች አንዱ ነው። በእኛ ዕድሜ 10 ዓመት አስቦ መበደር ግድ ስለሆነ ይህን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

አራተኛው ምክሬ፣ ትምህርቱን ሳይጠብቁ በትርፍ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መግባት ነው። መጻሕፍት ወደ መደርደሪያ የሚመልሱ ሠራተኞች ፔጅ ይባላሉ፤ ማስተርስ አያስፈልገውም። ደመወዙ ከጋራዡ ያነሰ ስለነበር ባለቤቴ በጣም ተቆጥታ ነበር፤ በጊዜውም ልክ ነበረች። እኔ ግን በዚያ ጋሪ እየገፋሁ መጻሕፍት በየርእሰ ጉዳያቸው የሚደረደሩበትን የዲዊን ቁጥር በእግሬ ተማርሁ፤ በኋላም ለሥራው ሳመለክት የፈተኑኝ ሰዎች አብረውኝ የሠሩ ነበሩ። የ25 ዓመት ወጣቶች ሲያዝዙኝ ያሳፈረኝ ጊዜ አልጠፋም፤ እርስዎም ይህን አስበው ይግቡ።

ስለ ካታሎግ፣ ማለትም ስለ መጻሕፍት አመዘጋገብ፣ ትምህርት ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በዚህ አገር የገባንበት ቢሮ ሁሉ አያታችንን የቤተሰብ ስም አድርጎ ይገለብጠናል። የአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት በሆነው በላይብረሪ ኦፍ ኮንግረስ ካታሎግ ግን ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱ ስም ይከተላል እንጂ አይቀድምም። የአማርኛ ርእስ በላቲን ፊደል ሲገለበጥም ሀ፣ ሐ እና ኀ ከሥራቸው በሚደረግ ምልክት ተለይተው ይጻፋሉ። መምህራችን ይህን ሠንጠረዥ ባሳየን ቀን የክፍሉ ትልቁ ሰው እኔ ነበርሁ፤ ሦስቱን ሆሄያት ጽፌ ያስረዳሁትም እኔ ነኝ። አሁን በሥራ ቦታዬ የአማርኛ መጽሐፍ ሲመጣ የሚጠሩት እኔን ነው፤ ስለዚህ ቋንቋዎን በማመልከቻዎ ላይ ከሁሉ አስቀድመው ይጻፉ፤ በተለይ ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በሜሪላንድ እንዳለው እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባሉ አካባቢዎች ዋጋ አለው።

የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠየቁ እንደሆነ ትምህርት ቤቱን አስቀድመው ይጠይቁ። ውክልናውን ሲያስጽፉም በጠቅላላ ቅጽ አይርኩ፤ «ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ የዲግሪ ማስረጃና ማናቸውንም የትምህርት ሰነድ ከሬጅስትራር ጠይቀው እንዲያስወጡ፣ ክፍያ እንዲፈጽሙ፣ ስለ እኔ እንዲፈርሙና ወደ ውጭ አገር እንዲያስልኩ» የሚለው ቃል በቃል ይግባበት፤ የተመረቁበትን ዓመትና የመታወቂያ ቁጥርዎንም ከሥሩ ያስጽፉ። ዲግሪዎን ያገኙት የወጪ መጋራት ከመጀመሩ በፊት ከሆነ ደግሞ ይህንኑ የሚገልጽ አጭር ደብዳቤ በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አብረው ይላኩ፤ አንዱ ቅጂ የተቀባይ ፊርማ ተደርጎበት በወኪልዎ እጅ ይቅር።