ዓይንና ወገብ ምን አገናኛቸው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? 31 ዓመቴ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ግራ ዓይኔ ሦስት ጊዜ በርበሬ መሰለ። ያመኛል፣ ብርሃን ማየት አልችልም፣ እይታዬም ይደበዝዛል። ሁለቴ ኢንፌክሽን ነው ተብዬ የአንቲባዮቲክ ጠብታ ተጠቀምኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። በሦስተኛው የዓይን ስፔሻሊስት ዘንድ ሄድኩ። ዩቪያይትስ ነው ብላ ሁለት ዓይነት ጠብታ አዘዘችልኝ፣ አንዱ ብግነት የሚያበርድ ስቴሮይድ ነው። በአምስተኛው ቀን ሲሻለኝ ሁለቱንም ተውኳቸው። ይኸው ተመልሶ መጣ። ደግሞ የዓይን ሐኪም ሆና ስለ ወገቤ ነው የምትጠይቀኝ፣ የደም ምርመራም አዛለች። ምን አገናኘው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሐኪምህ ጎበዝ ናት። ተራ የዓይን መቅላት ያሳክካል ወይ ዓይናር ያበዛል፤ ያንተ ዩቪያይትስ ግን ከዓይን ውስጥ ያለ ብግነት ነው። በሽታ ሊከላከልልን የተሰለፈው ኃይል አንዳንዴ ዞሮ የገዛ አካላችንን ይወጋል፣ ሲወጋም አንድ ቦታ ብቻ አይመርጥም። አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይትስ የሚባለው ወገብንና ዳሌን ይይዛል፣ ዓይንንም እንዲህ እየመላለሰ ያቀላል። ጠዋት ወገብህ ግትር ብሎ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይቆያል? ስታርፍ ብሶ ስትንቀሳቀስ ይቀልሃል? ከሆነ ሳትደብቅ ንገራት። አፍህ ውስጥ የሚመላለስ ቁስል ካለም እንዲሁ፣ እሱ ቤኼት ወደሚባለው፣ የደም ሥሮችን ወደሚያስቆጣ ሌላ በሽታ ሊጠቁም ይችላል።

ደሙን በተመለከተ፣ ኤች ኤል ኤ ቢ 27 (ከዚህ የወገብና የዓይን ሕመም ጋር የሚያያዝ በዘር የሚወረስ ምልክት) ተገኘብህ ቢሉህ አትደንግጥ። ብዙ ጤነኛ ሰዎችም አላቸው። ቂጥኝና ቲቢ የሚታዩት ደግሞ ሁለቱም ዩቪያይትስ ስለሚያመጡና ስቴሮይድ ብቻውን ስለሚያባብሳቸው ነው። የደም ካንሰርም አልፎ አልፎ ይህን መስሎ ስለሚመጣ የደም ሴሎችህ ይቆጠራሉ።

ያናደደኝ ጠብታውን መተውህ ነው። መቅላቱ ጠፋ ማለት ውስጡ በረደ ማለት አይደለም፤ ስቴሮይድ በሐኪም ትእዛዝ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። እስቲ መስታወት ፊት ቁም። ብሌንህ ድቡልቡል ነው ወይስ ጠርዙ ተጎራርዷል? ከተጎራረደ ባለቀለሙ ክፍል ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር ተጣብቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ጠብታ ብሌንን የሚያሰፋውና ማንበብ የሚከለክልህ ከሆነ፣ የታዘዘው ይህ እንዳይሆን ነው። ሰው ግን አደበዘዘኝ እያለ መጀመሪያ የሚጥለው እሱን ነው!

በሌላ በኩል ስቴሮይድን በራስህ ዓመት ሙሉ አትጨምር፣ የዓይን ግፊትና ሞራ ያመጣል። ቶሎ ቶሎ ከተመላለሰብህ ያንን የሚወጋህን የመከላከያ ኃይል የሚያበርዱ እንደ ሜቶትሬክሴት ወይም አዳሊሙማብ ያሉ መድኃኒቶች ሊጀመሩልህ ይችላሉ። ለዚህም ከሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪም ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

አሁን ግን ከመሳቢያ የተረፈውን ጠብታ አውጥተህ እንዳትጀምር። ኸርፐስ የሚባለው ቫይረስ ዓይንህን ይዞት ከሆነ ስቴሮይዱ ጉድ ያደርግሃል። ዛሬውኑ ሂድና በመሣሪያ ትይህ።