ለማገዶ የሚሆን የሞተር መጋዝ፦ መካከለኛው ወይስ ትልቁ?

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስሆን ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ከአባቴ የወረስኩት ግማሽ ሔክታር የሚያህል ነጭ ባሕር ዛፍ አለኝ። እስካሁን በመጥረቢያና በሁለት ሰው መጋዝ ስናስቆርጥ ኖረናል፤ አሁን ግን የእኔም ጉልበት ስለደከመ፣ የቀን ሠራተኛም እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ የሞተር መጋዝ ለመግዛት ወስኛለሁ። ልጄ «ከተገዛ አይቀር ባለ 70 ሲሲው ይሁን» ይላል፤ ባለሱቁ ደግሞ «ለማገዶ ከሆነ ባለ 50ው ይበቃዎታል» አለኝ። ግንዶቹ በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይወፍራሉ። የቱን ልግዛ? ገዝቼስ እንዴት ብይዘው ነው ሳልማረር የምሠራበት?

መልስ፦ ባለሱቁ ትክክለኛውን ነግሮዎታል፤ ሻጭ ርካሹን ዕቃ ሲመክር ብዙ ጊዜ ስለማንሰማም ይህን አስቀድመን ልንመሰክርለት ወደድን። ባለ 70 ሲሲ መጋዝ ቀኑን ሙሉ ወፋፍራም ግንድ ለሚጥል ባለሙያ የተሠራ ነው። ከነባሩ (ሰንሰለቱ ከሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ከነነዳጁ ሲያዝ ክብደቱ ከስምንት ኪሎ ስለማይርቅ፣ ጎንበስ ብሎ ግንድ ለሚከትፍ ሰው ከሰዓት በኋላ ወገብ የሚቆርጠው ይኸው ክብደት ነው። የድካም ሰዓት ደግሞ የአደጋም ሰዓት ነው። በመካከለኛው መደብ በብዛት ከሚታወቁት ውስጥ የጀርመኑ ስቲል ኤምኤስ 271 እና የስዊድኑ ሁስክቫርና 450 ሁለቱም 50.2 ሲሲ ሲሆኑ፣ ባዶ ክብደታቸው አምስት ኪሎና ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚል ነው። (ሁስክቫርና የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1689፣ ዐድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር በነገሡበት ዘመን፣ ጠመንጃ ለመሥራት ነበር፤ ወደ መጋዝ የዞረው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።)

ልጅዎ ሳያነሳው የቀረ አንድ ጥሩ መከራከሪያ ግን ነበረው፤ እርሱም የአገሩ ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር በባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ባለ 50 ሲሲው በእርስዎ ማሳ ላይ የሚኖረው ጉልበት ባለ 40 ሲሲ መጋዝ በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖረው ብዙም አይበልጥም። ለ30 ሴንቲ ሜትር ባሕር ዛፍ ይህም በቂ ነው፤ ነገር ግን ከ40 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ባር አይግጠሙለት። ባሩ በረዘመ ቁጥር ሞተሩ የሚጎትተው ሰንሰለት ይበዛል፤ ለቀጭን ግንድ ረጅም ባር የሚሰጠው ጥቅም ደግሞ የለም።

ከከፍታው ጋር የሚያያዝ ሌላም ችግር አለ። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ ከመጣ፣ በደጋ አየር ሲቀንስ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ መጋዙ ያጨሳል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይታፈናል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ብዙ ሰው ይህን «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ ይተረጉመዋል፤ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ማስተካከል ብቻ ነው። ማስተካከያውን የሚያውቅ መካኒክ እዚያው ደብረ ብርሃን ላይ ሞተሩ ሞቆ እያለ ይሥራው እንጂ ራስዎ አይሞክሩት፤ ቤንዚኑ ከልክ በላይ ከቀነሰ ከቤንዚኑ ጋር የሚገባው ዘይትም ስለሚቀንስ ፒስተኑ ይነክሳል። ከፍታውን ራሱ አውቆ የሚያስተካክል ካርቡራቶር ያላቸው ሞዴሎችም አሉ፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል።

ሲገዙ ከሞተሩ ይልቅ በሰንሰለቱ ላይ ብዙ ይጠይቁ። በባሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ፦ በዚህ መደብ የተለመደው .325 የሚባለው (የሰንሰለቱ ማያያዣዎች ርቀት በኢንች) ነው፤ ነገር ግን በዚሁ ቁጥር ውስጥ ባሩ ውስጥ የሚገባው የሰንሰለት ጥርስ ውፍረት 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል፣ የአንዱ ሰንሰለት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ሁለት ትርፍ ሰንሰለትና 4.8 ሚሊ ሜትር ክብ ሞረድ በዚያው ቀን አብረው ይግዙ። ሻጩ መለዋወጫውን ከመደርደሪያው አውርዶ ማሳየት ካልቻለ መጋዙንም ተውት። ታዋቂ ስም ተለጥፎበት በአስገራሚ ዋጋ የሚቀርብ መጋዝ ካገኙም የተኮረጀ ሊሆን ስለሚችል ይጠንቀቁ።

ነዳጁን በተመለከተ የአምራቾቹ ልክ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው። በዓይን ግምት ሳይሆን በመስፈሪያ ይቀላቅሉ፤ ከአንድ ወር የቆየ ድብልቅም አይጠቀሙ። የሰንሰለቱ ዘይት የሚቀመጥበት ጋን ሌላ ነው፤ ነዳጅ በተሞላ ቁጥር እርሱም ይሞላ። ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት እዚያ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑንና ባሩን ስለሚበላ የሚቆጥቡት ገንዘብ ከንቱ ነው።

«ሳልማረር» ላሉት ደግሞ መልሱ ሞረዱ ነው። የሰላ ሰንሰለት እንጨቱን ራሱ ይስባል፤ እርስዎ መጋዙን መያዝ እንጂ መጫን አይጠበቅብዎትም። ከስሩ የሚወጣውን ሰጋቱራ ይመልከቱ፦ ፍርፍር ያለ ከሆነ ስሉ ደህና ነው፤ እንደ ዱቄት ከላመ ግን ሥራውን አቁመው ይሞርዱ። ነዳጅ በሞሉ ቁጥር እያንዳንዱን ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢገፉት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ ሰንሰለት በመጀመሪያው ቀን ስለሚለጠጥ ውጥረቱን ደጋግመው ይፈትሹ። በጠዋቱ ቅዝቃዜ፣ ሠራተኞቹ ገና ቡና ሳይጠጡ፣ የአንድ ቀን ሥራ በሁለት ሰዓት ውስጥ ተጠናቅቆ የባሕር ዛፉ ሽታ ግቢውን ሲሞላው፣ ለምን ቀድመው እንዳልገዙ ይገርምዎታል።

ጉቶውን አይዘንጉ። ባሕር ዛፍ ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ የወደፊቱ ማገዶዎ እርሱ ነው። ከመሬት በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ልጡ ሳይላጥ፣ ውኃ እንዳይቋጥር ትንሽ አጋድለው ይቁረጡት፤ በመጥረቢያ ከተቀጠቀጠ ጉቶ ይልቅ ከእንዲህ ያለው የሚወጣው ቡቃያ ይጠነክራል። መፍለጡ የመጥረቢያ ሥራ ሆኖ ይቀራል፤ ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ እንቢተኛ ስለሚሆን እርጥቡን ፈልጠው ከመሬት ከፍ አድርገው ይከምሩት። በጥቅምት የተቆረጠው ለክረምቱ ይደርሳል።

ስለ አደጋው አንድ ነገር ብቻ አጥብቀን እንላለን። የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል ከእንጨት ጋር ሲነካካ መጋዙ በቅጽበት ወደ ፊትዎ ይመለሳል፤ የእጅ ፍሬኑ ለዚህ የተሠራ ስለሆነ ከመጀመርዎ በፊት መሥራቱን ያረጋግጡ፣ በግራ አውራ ጣትዎም የፊተኛውን እጀታ ዙሪያውን ጨብጠው ይያዙ። መሰላል ላይ ወጥተው፣ ከትከሻ በላይ አንሥተው ወይም ጋቢ ደርበው አይቁረጡ። ድምፁ ከ100 ዴሲቤል ስለሚያልፍ የጆሮ መከለያም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ እንጅባራ አካባቢ ለከሰል የሚሆን ዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) አለኝ። ግንዱ ከ15 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም። ለእኔም መካከለኛው መጋዝ ይሻላል?

መልስ፦ ለእርስዎ መካከለኛውም ይበዛብዎታል፤ ቀለል ያለው ባለ 40 ሲሲ ይበቃል። ቀጭን እንጨት አንድ በአንድ ሲቆረጥ ይዘልላል፣ ጊዜም ይፈጃል። ስለዚህ አራት ጥንድ ካስማ መሬት ላይ ትከሉና እንጨቱን በመካከላቸው ደርድራችሁ በገመድ አጥብቃችሁ እሰሩት፤ ከዚያም የባሩ ጫፍ ከክምሩ ወዲያ ማዶ ወጥቶ መታየቱን እያረጋገጣችሁ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቁረጡት።