ከቆመ በኋላ የተነፈሰ የጄት ጎማ

ጠያቂያችን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የምድር አገልግሎት ሠራተኛ ናቸው። «ሊርጄት 60 (ትንሽ የግል ጄት) ቀትር ላይ በሰላም አርፎ ቆመ። 25 ደቂቃ ያህል ቆይቶ የግራው የውስጥ ጎማ ‹እስ› እያለ ተነፈሰ። ሚስማርም ቀዳዳም የለም። ጎሚስታ ጠርተን ብንሞላውስ?» ይላሉ።

አይሞላም። ጥርጣሬዬ ጎማው ላይ ሳይሆን ፍሬኑ ላይ ነው። ቸርኬው ላይ መሃላቸው ቶሎ በሚቀልጥ ብረት የተሞላ ትንንሽ ታፖዎች አሉ። ቸርኬው ከመጠን በላይ ሲግል (እንደየዓይነታቸው ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ገደማ) ይቀልጡና ጎማው ከሚፈነዳ ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ ያደርጋሉ።

ከሁሉ በፊት፦ ከጋለ ጎማ ጎን ማንም አይቁም። መቅረብ ግድ ከሆነ ከፊት ወይም ከኋላ ይቅረቡ።

ለምን ጋለ? አብራሪው የሚያነበው ፍጥነት የአየሩን ግፊት እንጂ የመሬቱን ሩጫ አይለካም። ኮምቦልቻ 1,860 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር በ23 በመቶ ያህል ይሳሳል። መለኪያው 130 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) ሲል ጎማው መሬት የሚነካው በ148 ኖት ገደማ ነው። ፍጥነቱ የጨመረው 14 በመቶ ነው፤ ጉልበት ግን በፍጥነት ካሬ ስለሚያድግ ፍሬኑ የሚውጠው ወደ 30 በመቶ ይጨምራል። ነፋሱ ከኋላ ከነበረ ይብሳል። ሙቀቱም ከፍሬኑ ወደ ቸርኬው የሚሻገረው ቀስ እያለ ነው፤ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ የቆመ የጭነት መኪና ፍሬኑ ከቆመ በኋላ እንደሚጨስ ማለት ነው። 25 ደቂቃው የመጣው ከዚህ ነው።

ሌሎቹን ጎማዎች በታኮ ይያዙ፣ የእጅ ፍሬኑን ይልቀቁ፣ ውኃ አይርጩ፤ ቬንትሌተር ይፈቀዳል። 3 ሰዓት ይጠብቁ። ከዚያ በባትሪ ታፖዎቹን ይዩ። መሃሉ ባዶ የሆነ ካለ ጉዳዩ ተረጋገጠ። ሁሉም ደህና ከሆኑ ግን ቫልቩንና ሁለቱ የቸርኬ ግማሾች የሚጋጠሙበትን በሳሙና ውኃ ይፈትሹ።

ቸርኬው መውጣት አለበት። የተነፈሰ ቢመስልም የቫልቩን ውስጠኛ መዝጊያ ሳያወጡ የአክሱን ዳዶ አይንኩ፤ ቸርኬው ሁለት ግማሽ ስለሆነ የቀረ ግፊት ካለ ሰው ይገድላል። ታፖዎቹ ከነኦሪንጋቸው (የጎማ ቀለበታቸው) በሙሉ ይቀየራሉ፤ ቸርኬው ለጥንካሬ ምርመራ ይላካል፤ ጎማው ይጣላል፤ የፍሬኑም ውፍረት ይለካል። ታፖውን በቡሎንና በሲሊኮን ደፍኖ የሚሄድ ጠጋኝ አለ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ካገኙ ቀጣዩ ጎማ አይተነፍስም፣ ይፈነዳል። ከጭነት መኪና የተነቀለ ርካሽ ቫልቭም እዚህ ቦታ የለውም።

ይህ ጎማ የሚፈልገው ከ200 ፒ.ኤስ.አይ. (የግፊት መለኪያ) በላይ ነው፤ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር እዚያ አይደርስም፤ የሚያስገባውም እርጥበትና ኦክስጅን ነው። የሚሞላው በናይትሮጂን፣ በሬጉሌተር፣ የተፈተሸ ጌጅ ተይዞ ነው። ሥራውን ፈቃድ ያለው መካኒክ ይፈርምበታል።

የቀሩትንም ጎማዎች ሲቀዘቅዙ ይለኩ። በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና፣ ኮሎምቢያ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. አንድ ሊርጄት 60 ለመነሳት ሲሮጥ ጎማዎቹ ፈነዱ፤ ከ6 ሰዎች 4ቱ ሞቱ። መርማሪዎቹ ያገኙት ግፊታቸው ለ3 ሳምንት ያህል ያልተለካ ጎማዎች ነው፤ የዚህ አውሮፕላን ጎማ በቀን 2 በመቶ ያህል ግፊት ያጣል። ሲለኩም ከፊት ወይም ከኋላ እንጂ ከጎን አይቁሙ።