ለሙት ዓመቱ መጽሔት ዎርድ አትላኩ

ከውጭ ሆናችሁ የሙት ዓመት መታሰቢያ መጽሔት ወይም የሰርግ ጥሪ ጽፋችሁ፣ አራት ኪሎ ለሚያሳትምላችሁ ዘመድ በዎርድ አትላኩ። ዎርድ በተለምዶ የሚጠቀመው የተከፈተበት ኮምፒውተር ላይ ባለው ፎንት ነው። ኒያላ በሚባለው የአማርኛ ፎንት የጻፋችሁት ኒያላ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ሌላ ፎንት ይተካበታል። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሩ ይገፋል፤ ከፎቶው ሥር የነበረው የሟች ስም ለብቻው ቀጣዩ ገጽ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም በፓወር ግዕዝ የተጻፈማ ይብሳል፦ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆነ፣ ፎንቱ ከሌለ አማርኛው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። የሙት ዓመት ቀን ደግሞ እርማት አይጠብቅም።

መፍትሔው ፒዲኤፍ ነው። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው፣ ገጹ በሄደበት ሁሉ እንዳለ እንዲታይ ብሎ ነው። ዎርድ ላይ «ሴቭ አዝ» ብላችሁ ፒዲኤፍን ምረጡ፤ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ፒዲኤፍ/ኤ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጉ፤ ፎንቶቹ የግድ አብረው እንዲገቡ ያደርጋል። ከዚያ በአክሮባት ሪደር ከፍታችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎም «ፎንትስ» የሚለውን እዩ። ከእያንዳንዱ ፎንት ስም ጎን «ኢምቤድድ» (አብሮ ገብቷል) ካላለ ፋይሉ ገና አልተዘጋጀም።

አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ ወረቀቱን አትርሱ። የእናንተ ሌተር 216 በ279 ሚሊ ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ የሚታተመው 210 በ297 በሆነው ኤ4 ነው። ሌተሩ በልኩ ከታተመ ከግራም ከቀኝም 3 ሚሊ ሜትር ይቆረጣል፤ ሲታተም «ፊት» (Fit፣ ከወረቀቱ ጋር አመጣጥን) ከተባለ ደግሞ ሁሉም ነገር ያንሳል። ስለዚህ ገና መጻፍ ሳትጀምሩ «ሌይአውት» ገብታችሁ «ሳይዝ»ን ኤ4 አድርጉት።

ፎቶ በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቃል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ምስል 1180 ያህል ፒክስል ያስፈልጋል፤ የኤ4ን ሙሉ ስፋት ለሚሸፍን የሽፋን ፎቶ 2480። ከዚህ ያነሰው ስልክ ላይ ቢያምርም ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። ማህተም ያለበት ሰነድ ስካን ስታደርጉም በቀለም ይሁን፤ በጥቁርና ነጭ ማህተሙና ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ይዋሃዳሉ።

ዘመዳችሁ ሙሉውን ከማዘዙ በፊት አንድ ቅጂ ያሳትም፤ ያንን ገጽ በገጽ አንስቶ ይላክላችሁና ስሞቹን ራሳችሁ አንብቡ።