የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ምንም የማይሆንበት» የውኃ ጠላቂዎች ታሪክ

ባለፈው እትማችን «አማንቹ» ስለተባለው የጃፓን አኒሜ (የሥዕል ፊልም) አጭር ጽሑፍ ማውጣታችን ይታወሳል። ከዚያ ወዲህ የደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከዚሁ ከጅማ ናቸው፤ ተመልካቾቹም በሁለት ጎራ የተከፈሉ ይመስላሉ። ላላያችሁት ለማስታወስ ያህል፣ ታሪኩ ከቶኪዮ ወደ ኢዙ ባሕረ ገብ መሬት፣ ኢቶ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ የተዛወረች ፉታባ የተባለች ዓይናፋር ተማሪ፣ ባሕር ነፍሷ ከሆነው ከሂካሪ ጋር ተዋውቃ የትምህርት ቤታቸውን የውኃ ጠላቂዎች ክበብ ስትቀላቀል የሚያሳይ ነው። በኮዙዌ አማኖ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2008 ጀምሮ በማንጋ (በጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) መልክ የቀረበውን ሥራ ጄ.ሲ.ስታፍ የተባለው ስቱዲዮ በ2016 በ12 ክፍል፣ በ2018 ደግሞ በሌላ 12 ክፍል ወደ አኒሜ ለውጦታል።

ጥያቄ፦ «ልጄ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ዘንድሮ ከመቱ ወደ ጅማ ከመጣን ወዲህ ማታ ማታ ስልኳን ይዛ ይህንኑ አኒሜ ታያለች፤ ያየችውን ክፍል ደግማ ታያለች። ምን እንደሆነ ላጣራ ብዬ ሦስት ክፍል አብሬያት ተመለከትሁ። የሚጣላ የለም፣ የሚሞት የለም፣ የሚያገባ የለም፤ ልጆቹ ባሕር ያያሉ፣ ይስቃሉ፣ ድመት ያባብላሉ፣ በቃ። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ? ልከልክላት?» (አንዲት እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ ውድ እናታችን፣ እንዳይከለክሏት እለምንዎታለሁ። ምክንያቱን ለመናገር ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ እርስዎ በአንድ ሐረግ ያለፉት ነገር፣ «ከመቱ ወደ ጅማ ከመጣን ወዲህ» ያሉት፣ የልጅዎን ሁኔታ በደንብ የሚናገር ይመስለኛል። ፉታባም እንዲሁ አገሯን ለቃ የመጣች ልጅ ናት። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ትታቸው የመጣቻቸውን ጓደኞቿን ፎቶና መልእክት በስልኳ እያገላበጠች ስትቆዝም እናያታለን። አዲሱ ትምህርት ቤት ክፉ ሆኖባት አይደለም፤ ማንም አልበደላትም። የምታውቀው ሰው የሌለበት ግቢ ውስጥ ስሟን እስክታስለምድ ድረስ ያለው ጊዜ ብቻ ነው የከበዳት። እንዲህ ያለውን ጭንቀት የሚያሳዩ ፊልሞች ብዙውን ጊዜ አንድ ክፉ ሰው ያመጡና ጭንቀቱን ሁሉ እሱ ላይ ይጭናሉ። ይህ ሥራ ግን ክፉ ሰው አያስፈልገውም፤ እርስዎ «የሚጣላ የለም» ያሉትም ስለዚህ ነው።

ጃፓኖች ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ «ኢያሺኬይ» የሚል ስም አላቸው። «ኢያሺ» ማለት ፈውስ፣ «ኬይ» ማለት ደግሞ ወገን ወይም ዓይነት ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ሲታገል የዋለ ሰው ማታ አረፍ የሚልበት ሥራ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ (የ2016ቱን) በበላይነት የመራው ጁንኢቺ ሳቶ ከዚያ በፊት የኮዙዌ አማኖን «አሪያ» የተባለ ሥራ ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ወደ አኒሜ የለወጠ፣ በዚህ ወገን እጁ የተፈታ አዘጋጅ ነው። ስለዚህ ዝምታው የሐሳብ እጥረት ያመጣው ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው።

ባለፈው ክረምት ጎረቤቶቼ ቤት ያየሁትን ልንገርዎት። ዝናቡ የቤቱን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፤ ልጆቹ ፉታባ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ የአየር መሣሪያውን አፏ ላይ አድርጋ ስትለማመድ ይመለከታሉ። ሙዚቃው ቀዝቅዞ የትንፋሿና የአረፋው ድምፅ ብቻ ቀረ። ከልጆቹ ሁሉ ትንሹ፣ የስድስት ዓመት ልጅ መሰለኝ፣ ሳያውቀው ትንፋሹን ይዞ ጉንጩን ነፍቶ ነበር። ልጅቷ አየር ስታስወጣ እሱም «ፉ» ብሎ ለቀቀውና እናቱን ዞር ብሎ አያት። እናቱ ቡናውን መቅዳቷን ትታ ኖሯል፤ እሷም ስትጠብቅ ነበር። ያን ማታ «ምንም አልሆነም» ያለ ሰው አልነበረም።

የምመክርዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ደጋግማ የምታየው ክፍል የትኛው እንደሆነ ይጠይቋትና እሱን አብረዋት ይዩት። ከዚያ ስለ አኒሜው ሳይሆን ስለ ትምህርት ቤቷ ማውራት ከጀመረች አያቋርጧት። እንቅልፏ እንዳይጓደል ሰዓት መወሰኑ ግን የእናትነትዎ ድርሻ ነው፤ በዚያ ላይ የምቃወምዎት ነገር የለም።

ጥያቄ፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ ስለወደዱት ጀመርሁት፤ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜም እንቅልፍ ወሰደኝ። ደግሞ ልጆቹ በየደቂቃው ፊታቸው ተለውጦ እንደ ሕፃን ሥዕል ይሆናል፤ ያ በጣም ያናድደኛል። የውኃ ጠለቃ አኒሜ ተብሎ ባሕር ውስጥ የሚገቡትስ መቼ ነው? ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የሥራው?» (ከጅሬን አካባቢ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጠየቅኸው ሦስት ነገር ስለሆነ አንድ በአንድ ልመልስልህ። እንቅልፉ ጥፋት አይደለም። ሙዚቃውን የሠራው ጎንቲቲ የተባለ የሁለት ጊታረኞች ቡድን ነው፤ ጊታሩ ከማዕበሉ ድምፅ ጋር ሲቀላቀል፣ ቀኑን ክፍል ውስጥና ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የዋለ ተማሪ እንቅልፍ ቢወስደው አዘጋጆቹ የሚከፉ አይመስለኝም። ፈተና ሲያልቅ፣ ቀን ላይ ሞክረው።

በፊቶቹ መለዋወጥ ግን ከአንተ ብዙ አልርቅም። ፊትን በድንገት ወደ ቀላልና የተጋነነ ሥዕል መለወጥ በማንጋ የቆየ ልማድ ነው፤ ገጹ ላይ ዓይን በፍጥነት ስለሚያልፈው ያስቃል። በሚንቀሳቀስ ሥዕል ላይ ያው ነገር ሰከንዶች ስለሚቆይ ከኋላው ያለው በጥንቃቄ የተሣለ ባሕርና ሰማይ ይረበሻል። እኔም ለመልመድ አራትና አምስት ክፍል ፈጅቶብኛል። ከዚህ የባሰው ጉድለት ብዬ የማስበው ሌላ ነው። ሥዕሉ የነገረንን ስሜት ገጸ ባሕርያቱ በቃል ይደግሙታል። ፉታባ ባሕሩን አይታ ፊቷ ሲበራ ገብቶናል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ደስታዋ የምታደርገው ረጅም ንግግር የገባንን መልሶ ያደበዝዘዋል። ይህን የምለው ሥራውን ስለምወደው ነው።

ስለ ጠለቃው የቀረበው ቅሬታ ደግሞ ከብዙ ተመልካች የሚሰማ ነው። እውነት ነው፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ፉታባ ወደ ባሕር የምትጠልቀው ወደ መጨረሻው ገደማ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው የልብስ ምርጫ፣ የገንዳ ልምምድ፣ የመሣሪያ መገጣጠም ነው። ግን ይህን እንደ ማዘግየት አላየውም። እውነተኛ ጠላቂም ከባሕሩ በፊት ብዙ ሰዓት ገንዳ ውስጥ ያሳልፋል፤ መነጽሩ ውስጥ ውኃ ሲገባ ሳይደነግጥ በአፍንጫው ተንፍሶ ማስወጣትን ደጋግሞ ይማራል። ያን ሁሉ ቆርጠህ ብታወጣው ፉታባ መጨረሻ ላይ ስትጠልቅ የሚሰማህ እፎይታ ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነን፤ አኒሜውን አይተን ክበብ ለማቋቋም አስበናል። በአኒሜው ላይ ስለ ጠለቃ የሚታየው እውነት ነው? ቦዬ ላይ ወይም ጊቤ ግድብ ላይ መለማመድ እንችላለን?» (አራት ጓደኛሞች)

መልስ፦ ውድ ልጆቼ፣ ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር፤ አትችሉም። ቦዬ ጉማሬ የሚኖርበት ረግረግ ነው። አዲስ አበባ ስትሄዱ ከመንገዱ የምታዩት የግልገል ጊቤ ግድብ ውኃ ደግሞ ደለል የበዛበት፣ የተዘረጋ እጅ የማይታይበት ነው። በክረምት አዌቱ ሲሞላ እናቶች ልጆቻቸውን ከድልድዩ ላይ እየተጣሩ የሚያባርሩት በከንቱ አይደለም። ዋና የማይችል ሰው ስለ ጠለቃ ማሰብ የሚገባው ዋና ከቻለ በኋላ ነው፤ ክበባችሁ የዋና ክበብ ሆኖ ይጀምር፣ አሠልጣኝ ባለበት ገንዳ፣ ወላጆቻችሁ አውቀውት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልመለስ፤ ይህን ጥያቄ በመጠየቃችሁ ደስ ብሎኛል። ሥራው በመሠረታዊው ነገር የታመነ ነው። ባሕር ውስጥ 10 ሜትር ስትወርዱ በሰውነታችሁ ላይ የሚያርፈው ግፊት ከላይ ከነበረው እጥፍ ይሆናል፤ በሳንባ፣ በጆሮና በመነጽር ውስጥ ያለው አየር ይጨመቃል። ጠላቂዎች እየወረዱ አፍንጫቸውን ይዘው ቀስ ብለው የሚነፍሱት ጆሯቸው ውስጥ ያለውን ግፊት ለማመጣጠን ነው። ከጅማ ወደ ጊቤ ሸለቆ በአውቶቡስ ስትወርዱ ጆሯችሁ ድፍን ሲል ምራቅ እንደምትውጡት ማለት ነው፤ ውኃው ግን በጥቂት ሜትር ውስጥ ከዚያ የበለጠ ግፊት ያመጣል። ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። የተጨመቀው አየር ይለጠጣል፤ ስለዚህ በሲሊንደር የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹን ይዞ መውጣት ፈጽሞ አይፈቀድለትም፣ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። በላይ የነገርኋችሁ ትንሽ ልጅ ትንፋሹን መያዙ ሶፋ ላይ ስለነበር ደግ ነው። ቀስ ብሎ መውጣትም የግድ ነው፤ በግፊት ደም ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ ጊዜ ይፈልጋል።

እኛን የሚመለከት ተጨማሪ ነገርም አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ውኃ የሚጠልቅ ሰው ለባሕር የተዘጋጀውን ስሌት እንዳለ መጠቀም አይችልም፤ በላይ ያለው የአየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ከጥልቁ ወደ ላይ ሲወጣ ያለው ለውጥ ይሰፋልና። በሌላ ጊዜ ባሕር ሄዳችሁ ብትጠልቁም ወዲያው በአውሮፕላን ወይም በመኪና ወደ ደጋ መመለስ አደጋ ስላለው አሠልጣኞች ሰዓታት እንድትጠብቁ ያስገድዷችኋል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው ማንም ብቻውን አለመግባቱን ነው። ጠላቂ ሁልጊዜ ጥንድ አለው። ከመግባታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቀበቶ፣ የአየር መጠን፣ ማሠሪያ በእጁ እየነካ ይመረምራል፤ አኒሜውም ይህን አጣድፎ አያልፈውም። ፉታባና ሂካሪ ብዙ ቃል ሳይለዋወጡ አንዳቸው የሌላቸውን ማሠሪያ የሚያጠብቁበት ቦታ ላይ ጓደኝነታቸው ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ይታያል።

ጥያቄ፦ «መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር ስናይ አንድ ነገር አከራከረን። ከውኃ ውስጥ አውራ ጣት ወደ ላይ ሲቀሰር ተማሪዎቼ ‹ጎበዝ› ማለት ነው አሉ። ልጅቷ ግን ወዲያው ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። ምን ማለት ነው?» (ከሄርማታ)

መልስ፦ መምህር፣ ልጅቷ ትክክል ናት። በጠላቂዎች ምልክት አውራ ጣትን ወደ ላይ መቀሰር «እንውጣ» ማለት ነው። «ደህና ነኝ» ለማለት አውራ ጣትንና ሌባ ጣትን አገናኝተው ክብ ይሠራሉ። ምልክቶቹ ያስፈለጉት አፍ በመሣሪያው ስለሚያዝ ብቻ አይደለም። ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት እጥፍ በላይ ፈጥኖ ስለሚጓዝ ከየት እንደመጣ ለመለየት ያስቸግራል፤ ሂካሪ የምትነፋው ፊሽካም የሚያገለግለው ከውኃ በላይ ነው። ለክፍልዎ የሚሆን ሌላም አለ፦ ቀይ ቀለም በውኃ ውስጥ ከሁሉ ቀድሞ ይደበዝዛል፣ በመነጽር የሚታይ ዓሣም ከእውነተኛ መጠኑ በሲሶ ያህል ተልቆ ይታያል።

ጥያቄ፦ «ሁለተኛውን ምዕራፍ ልየው ወይስ ልተወው? እኅቴ ‹ተበላሽቷል› ብላኛለች።» (ከአጋሮ መንገድ)

መልስ፦ እኅትሽ ያዘነችው ሕልሙ ስለበዛበት ይመስለኛል። በ2018 የወጣው ምዕራፍ ከባሕሩ ርቆ ፒተር የተባለ ልጅ ወደሚኖርበት የሕልም ዓለም ለብዙ ክፍሎች ይሄዳል፤ የጠለቃው ነገር ወደ ኋላ ይቀራል። እኔም በመካከሉ ገንዳውና የአረፋው ድምፅ ናፍቀውኝ ነበር። ይሁን እንጂ ሲጀምርና ሲጨርስ የቀድሞው ለዛ አለው፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ከጨረስሽ በኋላ ጥቂት ሳምንት አርፈሽ ብትመለሺበት ይሻላል፤ ባሕሩ ብቻ ከሆነ የምትፈልጊው ግን የመጀመሪያውን ምዕራፍ መጨረሻ ከእኅትሽ ጋር ድገሚው።